ዲሽ ከመላካችሁ በፊት ባትሪውን ቁጠሩ

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ለወላጆቻቸውና ለአያቶቻቸው የሚልኩት ነገር ከዘመኑ ጋር ይለዋወጣል። ዱሮ ጃኬትና ጫማ ነበር፤ ከዚያ መነጽርና የስኳር መለኪያ መጣ፤ ቀጥሎ ስልክ ሆነ። አሁን ደግሞ ኢንተርኔትን በቀጥታ ከሰማይ የሚቀበል አነስተኛ ሳህን ገዝቶ መላክ የሚያምራቸው አሉ። ምኞቱ መልካም ነው፤ አያቱን በየቀኑ ፊት ለፊት ማየት የማይፈልግ የልጅ ልጅ የለም። ሆኖም ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ብዙ ጊዜ ግን ሳይጠየቅ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ዕቃ በቀን ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይበላል? የሚበላውንስ ማን ያቀርብለታል?

የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ፣ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነርስ ግን አንድ ነገር ትለምዳለች፤ የገባውንና የወጣውን መመዝገብ። ሕመምተኛው የጠጣው፣ በግሉኮስ የገባለት፣ በሽንት የወጣው ሁሉ በወረቀት ይሰፍርና በቀኑ መጨረሻ ይደመራል። የወጣው ከገባው በልጦ ከሰነበተ ሰውየው እየደረቀ ነው። የባትሪም ነገር ከዚህ አይለይም።

ጥያቄው ወደ ቤታችን እንዴት ገባ

ልጄ አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ያሽከረክራል። በዚያ አገር በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የአገሩ ሕግ አሽከርካሪው በፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳና ከዚያ 10 ሰዓት እንዲያርፍ ያስገድደዋል። ልጄ የሚያርፈው ከመሪው ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ ነው። የስልክ ኔትወርክ በሌለበት በረሃ ሲያድር ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ስታርሊንክ ሚኒ የሚባል፣ ከአንድ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ፣ ከትልቅ መዝገብ የማይሰፋ ጠፍጣፋ ሳህን ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከመኪናው ነው።

ባለፈው ዓመት ስልክ ደውሎ «እማዬ፣ አንድ እንዲህ ያለ ገዝቼ ለእማማ ልላክላቸው?» አለኝ። እማማ የሚላቸው አያቱን፣ ማለትም የባለቤቴን እናት ነው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ከዋርሳዬ ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። የኤሌክትሪክ መስመር ወደ መንደሩ አልገባም። ስልክ የሚይዘውም ከቤቱ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ሲወጡ ደህና፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ደከም ብሎ ነው።

ልጄን ወዲያው እሺም እንቢም አላልኩትም። «የሚበላውን ንገረኝ» አልኩት። ቁጥሩን ላከልኝ፤ እኔም ደብተሬን አወጣሁ።

ያን ሌሊት የጎደለው ምን ነበር?

ልጄን እንዲህ ያሳሰበው ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴ የሆነው ነገር ነው። አማቴ የደም ግፊት አለባቸው። ኪኒናቸው ካለቀ ቀናት አልፈው ነበር፤ እኛ ግን አላወቅንም። በቤቱ ያለችው ባለቁልፍ ስልክ ቻርጅ የምትደረገው ሰው ለገበያ ዳባት ሲወጣ ነበር፤ እስከዚያው እንዳትዘጋባቸው ማታ ማታ ያጠፏታል። ያን ሳምንት ዝናቡ ስለጠና ገበያ የወጣ የለም፤ ስልኳም ጨርሳ ሞተች።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አማቴን ትንፋሽ አጠራቸው። ጋደም ሲሉ ይባስባቸዋል፤ ቁጭ ብለው ያቃስታሉ። የዋርሳዬ ልጅ ቻርጅ ያለው ስልክ ፍለጋ በጭለማና በጭቃ ወደ ጎረቤት መንደር ሮጠ። ስልክ ተገኝቶ አምቡላንስ እስኪጠራ ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። ከዚያ ጎረቤት ተሰብስቦ እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ ተሸከሟቸው። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሳንባቸው ውሃ ይዞ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል።

ትንፋሽ ሲያጥር፣ ሕመምተኛው መጋደም ሲያቅተው፣ ደቂቃ ዋጋ አለው። ያቺ ስልክ ቢበዛ ስድስት ዋት-ሰዓት ብትጎርስ ኖሮ ሁለቱ ሰዓት ይተርፍ ነበር። እንዲያውም «ኪኒን አልቋል» የሚል አንድ ጥሪ ቀደም ብሎ ቢደርሰን ሌሊቱ ራሱ ባልመጣ። ስድስት ዋት-ሰዓት ምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ እጅግ ትንሽ ነገር መሆኑን ግን ከአሁኑ ያዙልኝ።

ሁለት ዓይነት ሳህን

በጎንደር ጣሪያ ላይ የምናየው የቴሌቪዥን ዲሽ ራሱ ብረት ብቻ ነው። ከምድር ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምድር ጋር እኩል የምትዞር ሳተላይት የምትልከውን ይቀበላል እንጂ መልሶ የሚልከው የለም። የሚበላው ጫፉ ላይ ያለችው መቀበያና ቤት ውስጥ ያለው ሪሲቨር ሲሆኑ፣ ሁለቱ ተደምረው እንደ አንዲት መለስተኛ አምፖል ናቸው። ብዙ የሚበላው ቴሌቪዥኑ ነው።

የኢንተርኔቱ ሳህን ሥራው ሌላ ነው። የሚያነጋግራቸው ሳተላይቶች ወደ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብለው ይበራሉ፤ በፍጥነት ስለሚያልፉ አንዷን ለቅቆ ሌላዋን እየተከተለ፣ እየተቀበለም እየላከም መዋል አለበት። ስለዚህ እናንተ ባትነኩትም ይበላል። እንደ አምራቹ መግለጫ ትንሹ ሚኒ በአማካይ ከ25 እስከ 40 ዋት ይስባል፤ ትልቁና የተለመደው ሳህን ደግሞ ከ75 እስከ 100 ዋት።

ዋትና ዋት-ሰዓት ለሚያደናግራችሁ በግሉኮስ ልንገራችሁ። ዋት የጠብታው ፍጥነት ነው፤ ዋት-ሰዓት ደግሞ ከከረጢቱ የጎደለው መጠን። 5 ዋት የምትስብ አምፖል 4 ሰዓት ስትበራ 20 ዋት-ሰዓት ትጨርሳለች። 30 ዋት የሚስብ ሳህን ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ቢውል 30 ሲባዛ በ24፣ ማለትም 720 ዋት-ሰዓት ይበላል።

መኪና ላይ ለምን ይቀላል?

በአሜሪካና በአውሮፓ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ በያዘ መኪና ቤታቸውን ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ እንዲህ ባሉ መኪኖች ከሱዳን በመተማ ገብተው ጎንደር የሚያድሩ፣ ጎርጎራ ጣና ዳር ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያልፉ መንገደኞች እናይ ነበር። በነዚህ መኪኖች ላይ ያለው አሠራር ለእኛ ቤትም ስለሚጠቅም ላብራራው።

በደንብ የተሠራ መኖሪያ መኪና ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው። አንዱ ሞተር ማስነሻ ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ይሰጥና ወዲያው መልሶ ይሞላል። ሌላው የቤቱ ባትሪ ነው፤ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት እንዲሰጥ የተሠራ። መብራት፣ ማቀዝቀዣና ሳህን የሚሠሩት በዚህ ነው። ሁለቱን የሚለይ መሣሪያ በመካከላቸው ስላለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኢንተርኔት ሲጠቀም ያደረ ሰው ጠዋት መኪናው አልነሳ አይለውም። ማስነሻ ባትሪን ደጋግሞ እስከ ታች ማፍሰስ ፈጥኖ ይገድለዋል።

የልጄን ሌሊት እንቁጠር። በ10 ሰዓት ዕረፍት 30 ዋት የሚስብ ሳህን 300 ዋት-ሰዓት ይበላል። በ12 ቮልት ባትሪ ይህ 25 አምፒር-ሰዓት ነው። በማግስቱ ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ያንን መልሶ ይሞላዋል። ሞተሩ በየቀኑ ብዙ ሰዓት ስለሚሠራ የወጣው ሁሉ ይገባል፤ ሂሳቡ ይዘጋል።

ሁለተኛው ትምህርት ኢንቨርተርን ይመለከታል። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 አሳድጎ፣ ከዚያ አዳፕተር ሰክቶ እንደገና ወደ ታች ማውረድ ውሃን በሁለት እንስራ እንደ መገልበጥ ነው፤ በእያንዳንዱ ይፈስሳል። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት እንኳ በርቶ ሲውል ይበላል። ሚኒው ከ12 እስከ 48 ቮልት በቀጥታ ስለሚቀበል ብዙዎች ከባትሪው ላይ በቀጥታ ይስቡለታል። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ግን ቮልቱ መንገድ ላይ ይወርድና ሳህኑ እየጠፋ ይነሳል። ስለዚህ ገመዱ አጭርና ወፍራም ይሁን፤ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ ይኑር።

የእማማ ቤት ግን ሞተር የለውም። የሚሞላው ፀሐይ ብቻ ነው።

የደጋ ቤት ሂሳብ

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከግድቡ እስከ ተራራው መንደር ያለው ሽቦ ግን የሚዘረጋው በየተራ ነው። እስከዚያ ድረስ በሶላር መኖር የግድ የሆነባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

በአማቴ ቤት መጀመሪያ የሚያስፈልገውን በቅደም ተከተል ጻፍኩ። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ማታ 4 ሰዓት ቢበሩ 60 ዋት-ሰዓት። ሁለት ባለቁልፍ ስልኮችን በየቀኑ ለመሙላት 12፤ አንዷ 6 ያህል ማለት ነው። አንድ ዘመናዊ ስልክ 25። ሬዲዮ 15። ድምሩ 112 ዋት-ሰዓት ሆነ። አንድ ቤት ከኩራዝ ጭስ ወጥቶ፣ ልጅ እያጠና፣ ስልኩ ክፍት ሆኖ ለማደር ይኸው ይበቃዋል።

አሁን ወደሚያስገባው እንሂድ። አንድ 100 ዋት የሶላር ፓኔል በበጋ ፀሐይ፣ ብክነቱን ቀንሼ፣ በቀን 350 ዋት-ሰዓት ይሰጣል ብዬ ያዝኩ። ለክረምት ከዚያ ግማሹን ብቻ፣ ደመናው ሲጠና ደግሞ ምንም እንደማይገባ ቆጠርኩ። ባትሪው 50 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ቢሆን፣ 12.8 ቮልት ስለሆነ 640 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ጨርሶ ባናራቁተው 510 ያህሉ ለሥራ ይውላል።

እዚህ ላይ ሦስት መልስ ወጣ። ሳህን ከሌለ፣ ፀሐይ ጨርሶ ባትወጣ እንኳ ባትሪው ቤቱን ከአራት ቀን በላይ ያኖረዋል። ሳህኑ ማታ ለ4 ሰዓት ብቻ ቢከፈት፣ 120 ዋት-ሰዓት ይጨመርና ባትሪው ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። ሳህኑ ሳይጠፋ ቢውልና ቢያድር ግን ቤቱ በቀን 832 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል፤ ባትሪው አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው በ15 ሰዓት ገደማ ይራቆታል። ያኔ መብራቱም ስልኩም አብረው ይሞታሉ። ያን የነሐሴ ሌሊት በገዛ ገንዘባችን መልሰን መጥራት ይሆናል።

በርካሹ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ሂሳቡ ይከብዳል። 100 አምፒር የተጻፈበት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ አለመጠቀም ይመከራል። ስለዚህ ገበያ ላይ የሚነገራችሁን ቁጥር ለሁለት ክፈሉት።

ክረምትና ውርጭ

የእኛ ደጋ የራሱ ጠባይ አለው። ደባርቅ፣ ዳባትና ጃናሞራ ሲሄድ ቆላ ላይ ያልተለመደ ብርድ አለ፤ ከኅዳር እስከ ጥር በከፍታው ላይ ውርጭ ይወርዳል። ብርዱ ፓኔሉን አይጎዳውም፤ እንዲያውም ፓኔል ከሙቀት ይልቅ በቅዝቃዜ ይሻለዋል። የሚጎዳው ባትሪው ነው። የእርሳስ ባትሪ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከአቅሙ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሊቲየም ደግሞ ከዜሮ በታች ሳለ መሞላት የለበትም፤ ውስጡ ይበላሻል። ስለዚህ ባትሪው ውጭ በረንዳ ላይ አይደር፤ ቤት ውስጥ ከምድጃ ርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ፓኔሉን በተመለከተ ጎንደርና አካባቢው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ጥቂት ማዘንበል ለበጋው ይስማማል፤ ዝናቡም አቧራውን እያጠበ ይወርዳል። በክረምት ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ በጣም የተገተረ ፓኔል ይጎዳል። የዛፍ ጥላ አንዱን ጥግ ብቻ ቢሸፍን እንኳ ምርቱ በብዙ ይቀንሳል። በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ለልጆች የሚሰጥ ጥሩ ሥራ ነው።

የክትባት ፍሪጅ ምን ያስተምራል?

በአገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም ነው። እኔ ሥራ ስገባ መብራት በሌለባቸው ጤና ጣቢያዎች ክትባቱ የሚቀመጠው በላምባ በሚሠራ ፍሪጅ ነበር። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ሲጤስ ክሩን እንከረክማለን፣ ጭስ ማውጫውን እንጠርጋለን። ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መሆኑን ጠዋትና ማታ እንመዘግባለን። ላምባው ካለቀ የአንድ ወረዳ ሕፃናት ክትባት አብሮ ያልቃል።

ኋላ በሶላርና በባትሪ የሚሠሩ ፍሪጆች መጡ። ፀሐይ ሞልታ ሳለ ባትሪው ሲያረጅ ፍሪጁ ይቆማል። ስለዚህ ባለሙያዎች ባትሪውን ጨርሶ ያወጡበትን ፍሪጅ ሠሩ። ፓኔሉ ቀን በቀጥታ መጭመቂያውን ያሠራል፤ ፍሪጁ ውስጡ በረዶ ይሠራል፤ ማታ ቅዝቃዜውን የሚጠብቀው ያ በረዶ ነው። ዛሬ እንዲህ ያሉት የሚሠሩባቸው ጤና ኬላዎች አሉ።

ይህ ለቤትም ይሠራል። ቀን መሥራት የሚችለውን ሥራ ቀን ጨርሱት። ስልኮችን ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ሙሏቸው፤ የእጅ ባትሪውንም እንዲሁ። በፀሐይ የተሞላ ስልክ ማታ ከቤቱ ባትሪ ምንም አይወስድም። የምሽቱ ለመብራትና ላልታሰበ ጊዜ ይቀመጣል።

ፈቃዱን አትርሱ

ሂሳቡ ቢሞላ እንኳ ሳህኑን በሻንጣ ከትቶ መላክ አይበቃም። በአገራችን የቴሌኮም ሥራና መሣሪያ የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ የሌለው መላኪያ መሣሪያ በጉምሩክ ሊያዝ ይችላል፤ የተጠቀመውንም ሰው ለችግር ይዳርጋል። በጎረቤት ኬንያ አገልግሎቱ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በይፋ ይሸጣል። ናይሮቢ ያለ ዘመድ ስለተጠቀመ ግን እዚህም ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ልጆቻችሁ ከመግዛታቸው በፊት ባለሥልጣኑን ይጠይቁ፤ ፈቃድ አለ የሚል የጽሑፍ መልስ ካላገኙ ገንዘባቸውን አያውጡ።

ልጆች ባሉበት ቤት

ባትሪና ሶላር የምታስገቡ አያቶች፣ ይህችን ክፍል ከልጆቹ ወላጆች ጋር አብራችሁ አንብቧት። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚቃጠል ጋዝ ያወጣል፤ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ጧፍና እሳት አጠገብ አይቀመጥ። ውስጡ ያለው አሲድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ከነካ ሳይውል ሳያድር በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ መቆየት፣ ዓይን ከሆነ እያጠቡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። በሁለቱ ጫፎች ላይ ቢላዋ ወይም ማንኪያ ቢወድቅ እንደ ብየዳ ይፈነጥቃል፤ ስለዚህ የባትሪው አናት በእንጨት ሳጥን ይሸፈን።

በርቀት መቆጣጠሪያና በአሻንጉሊት ውስጥ ያሉ የሳንቲም ቅርጽ ባትሪዎች ከሁሉ ይብሳሉ። ሕፃን ከዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ «በሰገራ ይወጣል» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ።

ጄኔሬተር ለሚጠቀሙ ደግሞ፣ ቤት ውስጥም በረንዳ ላይም አታስነሱት። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ራሱን አሞት ተኛ ሲባል በዚያው ይቀራል። የከሰል ምድጃም ቢሆን ያው ነው። በተዘጋ ጋራዥ ሞተር አስነስቶ መኪና ውስጥ የሚተኛም አደጋው አይለየውም። ለልጄም የምነግረው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ምን አደረግን?

ልጄ ደብተሬን በስልክ ካነበብኩለት በኋላ ሳህኑን ተወና የሳህኑን ገንዘብ ላከ። ባለቤቴና እኔ ጎንደር አራዳ ወርደን ባለ 100 ዋት ፓኔል፣ 50 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ፣ መቆጣጠሪያ፣ ፊውዝ፣ ሦስት አምፖልና የዩኤስቢ መሰኪያ ገዛን። በገበያው ላይ ቁጥሩ የተጋነነ ፓኔል ስላለ ስፋቱን በዓይናችን መዘንን። እውነተኛ 100 ዋት ፓኔል አንድ ሜትር ገደማ ርዝመትና ከግማሽ ሜትር በላይ ወርድ አለው፤ እንደ ደብተር ትንሽ ሆኖ 100 ዋት የሚል ጽሑፍ ብቻ የያዘውን ትተን አለፍን። ዋስትናውን በደረሰኝ አስጻፍን። ለመግጠም ባለሙያ ይዘን ሄድን።

ስልኳ አሁን ማታ አትዘጋም። የጤና ጣቢያውና የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ማንበብ የማይችል ሰውም እንዲደውል በስልኳ ላይ በአንድ ቁልፍ እንዲወጡ ተደርጓል። እሑድ እሑድ እደውልና ዋርሳዬ የአማቴን ኪኒን ይቆጥርልኛል፤ ከአሥር ሲያንስ እኔ ከጎንደር እልካለሁ። ለገና ዋርሳዬ አዲሱን ስልክ ሞልቶ እናቱን በበቅሎ ኮረብታው ላይ አወጣቸውና ከልጄ ጋር በቪዲዮ ተያዩ። ልጄ መኪናውን አቁሞ በሳህኑ ነበር የደወለው። አማቴ «ቤትህ ጎማ አለው እንዴ?» ብለው አሳቁን።

ሳህኑ ወደፊት አይምጣ አልልም። ሲፈቀድና ሲገዛ ግን ሁለተኛ ፓኔልና ሁለተኛ ባትሪ የራሱ ይኑረው፤ የስልኳንና የመብራቱን አይንካ።

ልጆቻችሁ «ምን እንላክ?» ሲሏችሁ እነዚህን አምስት ነገሮች በወረቀት ጽፋችሁ ጠይቋቸው።

አንደኛ፣ ዕቃው ስንት ዋት ይስባል? በቀን ስንት ሰዓትስ እንጠቀምበታለን? ሁለቱን አባዟቸው።

ሁለተኛ፣ ባትሪያችን ስንት ዋት-ሰዓት ይዟል? የእርሳስ ከሆነ ግማሹን ብቻ ቁጠሩ።

ሦስተኛ፣ ሦስት ቀን ደመና ቢሆን ስልኩና አንድ አምፖል ይተርፋሉ?

አራተኛ፣ መሣሪያው በአገራችን ተፈቅዷል?

አምስተኛ፣ ሲበላሽ በአቅራቢያችን የሚጠግነው ማን ነው?

አምስቱንም መልስ ያገኘ ዕቃ ይላክ። መልሱ የጎደለበት ዕቃ ግን፣ ልጆቹ በላብ ያገኙትን ገንዘብ ከማባከኑ በፊት፣ ለመድኃኒትና ለአንድ ጥሩ ባትሪ ይዋል።